ቢጫ የወጣውን ሰማያዊ ርችት ለመመርመር የተጠራ ስብሰባ

ቀን፦ ኦገስት 16፣ የቦን በዓል መዝጊያ ምሽት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 11 ሰዓት
ቦታ፦ የኢሶሃማ መንደር የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ (ጫማ በር ላይ ወልቋል)

የተገኙ፦
አቶ ኩዋባራ ቶኩጂ፣ የርችት ኮሚቴ ሰብሳቢ
አቶ ሃናዋ ጊሳኩ፣ አባል፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ
አቶ ኢካራሺ ሾጎ፣ አባል፣ የመንደሩ ርችት ሠሪ
መምህርት ሂሮሴ ናኦኮ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ለማብራሪያ የተጠሩ
ወ/ሮ ሰኪ ፉሚኖ፣ አቤቱታ አቅራቢ
ኦጊኖ ታሚ፣ ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ

ያልተገኙ፦ ምክትል ሰብሳቢው፣ በእንቅልፍ ምክንያት። ሆኖም የተኙት እዚሁ አዳራሽ ጥግ ላይ ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተብሏል።

አጀንዳ 1፦ የትናንቱ ርችት ቀለም

ወ/ሮ ሰኪ ባለቤታቸው ካረፉ ይህ የሙታን ነፍሳት ቤታቸውን የሚጎበኙበት የመጀመሪያው ቦን በመሆኑ፣ በስማቸው ሰማያዊ ርችት እንዲተኮስ አዝዘው እንደነበር አስታወሱ። ሟቹ አቶ ሰኪ በወደቡ ጀልባቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ የቀቡ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ትናንት ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ ሰማይ ላይ የፈነዳው ግን ቢጫ ነው። "ነፍሱ ለበዓሉ ቤት ገብታለች፤ ዛሬ ማታ ትመለሳለች። ቢጫ ሲያይ የሌላ ሰው ነው ብሎ ዞር እንኳ ሳይል ነው የሚሄደው" አሉ። ጸሐፊዋ ማዘኗ እንዲመዘገብላት ጠይቃ ተመዝግቦላታል።

አጀንዳ 2፦ የጥፋቱ ምክንያት

አቶ ኢካራሺ ቀለም የሚሰጡትን እንክብሎች ከመዳብ አዘጋጅተው በትሪ እንዳሰጧቸው፣ ዛሬ ጠዋት ግን የትሪው ጥግ ላይ የጨው ፍርፋሪ እንዳገኙ ተናገሩ። ሰብሳቢው ከቀብር የተመለሰ ሰው ጨው እንደሚነሰነስበት ሁሉ ለሙት የሚሠራ ርችትም ሊነሰነስበት ይገባል፣ ወግ ነው አሉ። የነሰነሰው ሰው ስም በቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍም አሳሰቡ። በነሰነሱት በሰብሳቢው ጥያቄ መሠረት ስሙ አልተጻፈም።

አቶ ኢካራሺ "ለመሆኑ ስንት ነው የነሰነስከው?" ብለው ጠየቁ። ስማቸው ያልተጻፈው ሰው "እፍኝ ሙሉ። ሰኪ ጓደኛዬ ነበር፤ በቁንጥር ልሸኘው ኖሯል?" ሲሉ መለሱ።

አጀንዳ 3፦ የሙያ ማብራሪያ

መምህርት ሂሮሴ የአዳራሹን የጋዝ ምድጃ ለኩሰው ጨው ቆንጥረው ጣሉበት፤ እሳቱ ቢጫ ሆነ። እንዳብራሩት፣ አቶም ሲግል ኤሌክትሮኑ ደረጃ ይወጣል፤ መልሶ ሲወርድ የወረደውን ያህል ብርሃን ይሰጣል። ጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ደረጃ ቁመቱ ስለማይለወጥ ቢጫውም አይለወጥም፤ የመዳብን ደካማ ሰማያዊም ይውጠዋል። ብርሃንን በየቀለሙ ለይታ በቀጭን ስንጥቅ የምታሳይ ሳጥን ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ሁሉም ውስጧ አንዲት ደማቅ ቢጫ መስመር አይቷል።

አቶ ሃናዋ መስመሯን ወደ ሰማያዊው በኩል ጠጋ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። አይቻልም ተባሉ። "ትንሽም?" አሉ። "ትንሽም" ተባሉ። ቀጥለውም ሰማያዊ ብርሃን ሞገዱ አጭር ከሆነ ወ/ሮ ሰኪ ቀረብ ብለው ቢያዩትስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መምህርቷ ውኃ ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ) ሶዲየም ለዚህ በዓል ብቻ ቢጫነቱን እንዲተው፣ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ በትሕትና ይጠየቅ። መምህርት ሂሮሴ "ሶዲየም ደብዳቤ አያነብም" ሲሉ የልዩነት ሐሳብ አስመዝግበዋል። አቶ ሃናዋ በፖስታ ቤት ዘመናቸው ሳያደርሱት የቀረ ደብዳቤ እንደሌለ በቁጣ ተናግረዋል።

ለ) የትናንቱ ቢጫ ከዛሬ ጀምሮ ሰማያዊ ተብሎ ይጠራ። በድምፅ ብልጫ አልፏል፤ ምክትል ሰብሳቢው በማንኮራፋት ደግፈዋል።

አጀንዳ 4፦ መጠባበቂያው ርችት

አቶ ኢካራሺ ጨው ያልነካው አንድ ሰማያዊ ርችት ቤታቸው እንደቀረ፣ የመተኮሻው ቱቦም ገና ከወደቡ እንዳልተነሳ ገልጸው ዛሬውኑ ይተኮስ አሉ። ሰብሳቢው ያልነጻ ርችት በሙት ስም አይተኮስም አሉ። በስኳር ይነጻ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ጉንዳን ይወርረዋል ተብሎ ወደቀ። ሰብሳቢው ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ አሉ።

ወ/ሮ ሰኪ "በሚቀጥለው ዓመት እኔም ከሱ ጋር ከላይ ሆኜ ይሆናል የማየው፤ እናንተ ተሰብሰቡ" ብለው ጫማቸውን አድርገው ወጡ። አቶ ኢካራሺ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብለው ተከተሏቸው። ሽንት ቤቱ በሌላው በኩል መሆኑን ያነሳ የለም፤ እኔም ብሆን አላነሳሁም። ከረጅም ውይይት በኋላ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።

አጀንዳ 5፦ የሶዲየም አድራሻ

በዚህ አጀንዳ ላይ እየተመከረ ሳለ ከወደቡ ፍንዳታ ተሰማ፤ የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ ሰማያዊ ሆኑ። መምህርት ሂሮሴ "መዳብ ነው" አሉ። ምክትል ሰብሳቢው ከእንቅልፋቸው ቀና ብለው "የሰኪ ጀልባ ገባች እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢው መስኮቱ ዘንድ ሄደው ብርሃኑ እስኪጠፋ ቆሙ። "አይ፤ ወጣች" አሉ።

ስብሰባው ከምሽቱ 1፡40 ተዘግቷል። ሲዘጋም ከላይ የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል፤ ኮሚቴው ዛሬ ምንም እንዳልወሰነ፣ ወ/ሮ ሰኪ ግን ባላቸውን እንደሸኙ ይመዘገብ ተብሎ በዚሁ ተመዝግቧል።