የታክሲዋ ቀብር

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። እጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ነው የወጣሁት፤ «ሀ» ስንት ዓይነት እንደሆነች እኔና እሷ እስካሁን አልተስማማንም። ብናገረው ይሻል ነበር እንዳትሉ፣ ስናገር ደግሞ ከዚህ እብሳለሁ። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣ ዓይን አፋር ነኝ።

የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ሰው እየሳቀበት ያለውን ነገር አዙሮ አያይም። ቴሌቪዥን ይህን ጠባያችንን በደንብ አጥንቶታል። ያማረ ሳሎን ያሳያችኋል፤ ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ የጠየቀ አለ? እኔም ባልጠየቅኩ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ አንድ ኮሜዲ አለ። ነገሩ ሁሉ የሚሆነው አንዲት አሮጌ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ውስጥ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ይጣላሉ፣ ተሳፋሪው ሽማግሌ ይሆናል፣ ታክሲዋ መሀል መንገድ ትቆማለች። አጎቴ ቾል፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አማርኛ አይሰማም። ግን ከሁላችን ቀድሞ ይስቃል። ምን ተባለ ስንለው፣ እኔ ምን አውቄ፣ ሰውዬው ፊቱ ያስቃል አይደል እንዴ፣ ይለናል።

እናቴ አትስቅም ነበር። ኢትዮጵያ በስደት ሳለን አባቴ ጋምቤላ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሱም፣ መኪናዋም፣ ስልኩም። ሆስፒታሉ ተጠየቀ፣ ፖሊሱ ተጠየቀ፣ መንገዱ ተጠየቀ። ከዚያ ወደ አገራችን ተመልሰን ጁባ ገባን፤ «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር አጎቴ ግቢ ውስጥ መኖር ጀመርን። አጎቴ፣ ካላስ፣ በቃ፣ ወንድሜ ሞቷል፣ አልቅሰን እንረፍ ይላል። እናቴ፣ ምኑን ልቅበር? አንድ ነገሩን አምጡልኝና አለቅሳለሁ ትላለች። ባል አላት እንዳይባል ባሏ የለም፤ ባሏ ሞቷል እንዳይባል አልተለቀሰም። ስልኳን ከትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፤ ትተኛለች ከተባለ። ከሰውነቷ የቀረው ዓይኗ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያ መሀል የኮሜዲዋን ታክሲ ልሠራ ተነሳሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እጇ ሥራ የያዘን ልጅ ማንም «እስቲ ተጫወቺ» አይላትም። አካሏን ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ጎማዋን ካለቀ ነጠላ ጫማ፣ መስታወቷን ከውሃ ፕላስቲክ ቆረጥኩ። ቀለሙን ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ አመጣሁ፤ ሻጩ ስንት ልትከፍይ ነው ሲለኝ አፍሬ ያለኝን በሙሉ ሰጥቼው ሮጥኩ። ይህ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ በዚያ ወር መሐንዲስ ነበርኩ። ልኬቴ የእስክሪብቶ ክዳን ነው፤ አንድ ሰው አንድ ክዳን። ሾፌሩ ታክሲዋ አጠገብ ሲቆም እያየሁ፣ በሩ ትከሻው ጋ ነው፣ ጣሪያው ከራሱ በላይ ነው እያልኩ ሁሉንም በክዳን ለካሁት። መሪው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ አልረሳሁም። የተሰነጠቀውን የኋላ መብራት አልረሳሁም።

ችግሩ ካሜራው ነው። ሁልጊዜ በተሳፋሪው በር በኩል ይቆማል። የሾፌሩን ወገን አንድም ቀን አላሳዩንም። ግማሽ መኪና ደግሞ መኪና አይባልም። ስለዚህ ያን ጎን ከራሴ ፈጠርኩት። ፈጠርኩት ነው የምለው እንጂ እጄ ነው የሠራው። ከሾፌሩ መስኮት ሥር አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ለጠፈ፤ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ያለች፣ የተረገጠ ጫማ የምትመስል። አስቀያሚ ስለሆነች ነቅዬ ሌላ ቆረጥኩ። ያው ጫማ መጣ። ሦስተኛም ቆረጥኩ። ተውኳት።

ማታ ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጣታለሁ፤ ጠዋት ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ አገኛታለሁ። ወለላችን ዘመም ያለ ነው። ወለሉ ነው አልኩ። ድመታችን በታክሲዋ በኩል ማለፍ ትታ በመስኮት መውጣት ስትጀምርም ወለሉ ነው አልኩ። ምን ልበል?

አጎቴ ቾል ሲያያት በመጀመሪያ ሳቀ፤ ኮሜዲው ትዝ ብሎት ነው። ከዚያ አንስቶ አዞራት። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ይህን ማን አሳየሽ አለኝ። ማንም አልኩ። አባትሽ በሕልምሽ መጥቷል እንዴ አለኝ። አልመጣም አልኩ። ቁጭ አለ። አንድ ጊዜ ጋምቤላ ሊጠይቀን መጥቶ፣ የአባቴ መኪና ጎኗ ተቀዶ አግኝቶ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ቆርቆሮ ለጥፈውባት ነበር። ቆርቆሮውን የቆረጠው እሱ ነው። መቀሱ ስለዶለዶመ ጫማ መሰለበት፤ አባቴም ታላቅ ወንድሜ መኪናዬን ጫማ አለበሳት እያለ ሲስቅበት ከረመ። እናቴ ከውጭ ገብታ አየቻት። እኔ እኮ ረስቼው ነበር አለች፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሕፃን ሳለሁ አይቼው ይሆናል። ሁላችንም ረስተነው እጄ ብቻ አልረሳም።

አጎቴ ግን ትርጉሙን አገኘ። ወንድሜ የሚቀበርበት አጥቶ በልጁ እጅ መጣ አለ። ሽማግሌዎች ተጠሩ። አንዱ፣ ለሰው እንጂ ለቆርቆሮ ለቅሶ አልተቀመጥኩም ብለው ተነሱ። ሌላው፣ ሬሳ የጠፋበት ልብስ ይቀብር የለም ወይ፣ የሾፌር ልብሱ ደግሞ መኪናው ነው ብለው አስቀመጧቸው። ፓስተሩ ለረጅም ጊዜ አዩዋትና፣ ታክሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጸልያለሁ፣ ታክሲ ላይ ጸልዬ ግን አላውቅም አሉ። ጸለዩላት። እናቴ በራሷ ሻሽ ጠቀለለቻት። አንድ ነገሩን አምጡልኝ ብላ ነበር፤ መጣላት።

ግቢያችን ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ቀበርናት። የመጀመሪያው አፈር ሲወርድባት ቆርቆሮዋ ኳ፣ ኳ አለች። ከውስጥ የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚመስለው። ከኢትዮጵያ የተመለስነው እርስ በርስ ተያየን፤ አንዳችን «ወራጅ አለ!» ብንል ኖሮ ሳቁ ይገለን ነበር ወይስ ፍርሃቱ፣ አላውቅም።

ፍየል ታረደ። እናቴ ተላጨች፤ አለቀሰች፤ ከዚያ ተኛች። እስከ ማግስቱ ረፋድ ተኛች። ስልኳን ከትራሷ ሥር አወጣች። ካስተም ገበያ ሄዳ ልብስ መነገድ ጀመረች፣ ጉንጯ ሞላ። ዓርብ ሲመጣም እኛ ጋ ተቀምጣ ኮሜዲውን ማየት ያዘች። እናቴ ስትስቅ ትከሻዋ እንደሚንቀጠቀጥ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዕለታት አንድ ዓርብ ብቻዬን ነበርኩ። እናቴ ደጅ ልብስ ታሰጣለች፣ አጎቴ ወንበሩ ላይ ያንኮራፋል። ኮሜዲው ላይ ታክሲዋ ቆማለች፤ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪዎቹም ወርደው እየተሰዳደቡ ይገፏታል። ካሜራው ምን እንደነካው እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላው ወገን ዞረ። ከሰማያዊው ቀለም ሥር ጫማዋ አለች። የአጎቴ ጫማ፣ የእኔ ጫማ። ሁሉም ከውጭ ከሆኑ መሪውን ማን ያዘው? ከመስኮቱ አንድ ክርን ወጥቷል።

አጠፋሁት። እናቴ ገባችና፣ ምነው ልጄ፣ አለቀ እንዴ አለችኝ። ባትሪው ነው ያለቀው አልኩ፤ ቴሌቪዥናችን የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው።

አጎቴ አዘነልኝ። ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ ብሎ በማግስቱ የጭነት መኪና ባትሪ ተሸክሞ መጣ። አሁን አንድ ደቂቃ አያመልጠንም። ካሜራው መዞር ሲጀምር እኔ ውሃ ይጠማኛል፤ ተነስቼ ስክሪኑ ፊት እቆማለሁ። እናቴ፣ ገለል በይ እንጂ፣ ልሳቅበት፣ ትለኛለች። እገለላለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ።

ለማንም ነግሬ የማላውቀው የባትሪውን ውሸት ብቻ አይደለም። ያን ዓርብ ከማጥፋቴ በፊት ባለ ክርኑ ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ ወደ ካሜራው ዞሮ ነበር። አባቴ ነው። እናቴ ስንት ሌሊት ደህና አድርገው ብላ ስትጸልይለት ሰምቻለሁ። ደህና ነው። ወፍሯል።