እትዬ ሸዋርካብሽ በሬ ሲገዙ

ዋጋ ሲነገረው ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው አለ። ዋጋ ሲነገረው የሚከራከርም አለ። ከሁለቱም የማይመደበው ሦስተኛው ዓይነት፣ ዋጋ ሳይነገረው መከራከር የሚጀምረው ነው። የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ማን እንደሆኑ ለመርካቶ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የሰባተኛ ሰፈሯ ብርድ ልብስ ነጋዴ፣ ክብርት እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸው።

ሐኪም ሰባት መርፌ ሲያዝላቸው «አራት ይበቃኛል» ብለው በአምስት ተስማምተዋል። የንስሐ አባታቸው አርባ ስግደት ሲሰጧቸው «አባ፣ ጉልበቴን አይተውታል?» ብለው ወደ ሠላሳ አስወርደዋል። «ከስምንት ሰው በላይ አይጭንም» የሚል ሊፍት ውስጥ ዘጠነኛ ሆነው ገብተው ደግሞ፣ «እነዚህ ሁለቱ ቀጫጮች እንደ አንድ ይቆጠሩ» ሲሉ የእህታቸው ልጅ ፀደንያ በኀፍረት በደረጃው ወጥታለች።

ስለዚህ ፀደንያን መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ናይሮቢ ሲልካት፣ እትዬ «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለታቸውን ስትሰማ ሊፍቱ ታወሳት።

«የወርቁን ልጅ ሠርኬን ሳላያት ልሙት እንዴ?»

ሠርኬ የድሮ የሱቅ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ በእትዬ ብርድ ልብስ ክምር ላይ እየተኛች ያደገች። ኬንያ ለትምህርት ሄዳ፣ ኪፕላጋት የሚባል ከብት አርቢ አግብታ ናኩሩ አጠገብ ቀርታለች።

ናይሮቢ አየር ማረፊያ የደረሱ ዕለት ፓስፖርት የሚመታው ሰውዬ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ጠየቀ። ፀደንያ «ስድስት» አለችው። ሰውዬው ሠላሳ ቀን መታላቸው።

«አየሽ?» አሉ እትዬ፣ ፓስፖርቱን ደረታቸው ውስጥ እየከተቱ፤ «አፌን እንኳ ሳልከፍት!»

ቅዳሜ ጠዋት ከነሹፌሩ በተከራዩት መኪና የኪፕላጋት ከብት እርባታ ደረሱ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሣር፣ ሣሩ ላይ ሦስት መቶ ከብት። ሠርኬ እየሮጠች መጥታ እትዬ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከበረቱ አጥር አጠገብ ግን አንድ ረጅም ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዞር ብለውም አላዩ።

«የኪፕላጋት አባት ናቸው» አለች ሠርኬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሚስታቸው ከሞቱ አምስት ወራቸው ነው። ከሰው ጋር አይነጋገሩም፤ ለምግብም ከእኛ ጋር አይቀርቡም። ከዚያ በሬ ጋር ብቻ ነው የሚውሉት።»

በሬው ቡናማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ቁመቱ ሚኒባስ ያህላል። ስሙ «ምዋሊሙ» ነው፤ መምህር ማለት ነው።

እትዬ ወደ አጥሩ ተጠጉ። በሬውን ዞረው አዩት።

«ስንት ነው?»

«አይሸጥም፣ እትዬ» አለች ሠርኬ።

«የማይሸጥ ነገር የለም። ጠይቂልኝ።»

ሠርኬ እየፈራች በስዋሂሊ ተረጎመች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከበሬው አላነሱም። እትዬን ለማባረር ያህል፣ «ሁለት መቶ ሺህ ሺሊንግ» አሉ።

«ሠላሳ» አሉ እትዬ።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩዋቸው። አንድ ነገር ተናገሩ።

«ሠላሳው ለቀንዱ ነው ወይ፣ ይላሉ።»

የእትዬ ፊት እንደ በዓል በራ። «አፍ አላቸው! በያቸው፣ ይሄ በሬ ዓይኑ ጠባብ ነው፤ ከኋላው ሲያዩት ከስቷል፤ ሰውንም ይንቃል።»

«በሬው ሰው አይንቅም፤ የሚናቀውን ነው የሚንቀው፣ ይላሉ።»

ከዚህ በኋላ ሠርኬ ደክሟት መተርጎሙን ተወች፤ ማንም አላስተዋላትም። እትዬ በአማርኛ፣ ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ፣ አንዱ መሬት ላይ በበትር ቁጥር ሲጽፍ ሌላው በእግሩ እያጠፋ ቀጠሉ።

እትዬ በመጨረሻ የመርካቶን ትልቁን መሣሪያ መዘዙ። ነጠላቸውን አጣፍተው «ተዉት፣ ሄድኩ!» አሉና ሄዱ። መርካቶ ቢሆን ሻጩ አምስት እርምጃ ሳይራመዱ «እትዬ፣ ይመለሱ!» ይላል። እዚህ ግን ሜዳው ሰፊ ነው። ሄዱ፣ ሄዱ፤ ጊደሮች ተከተሏቸው፤ እትዬ የእጅ መዳፍ አከሉ፣ ከዚያም ነጥብ ሆኑ። ፀደንያ ጨንቋት ወደ ሽማግሌው ብትዞር፣ እሳቸውም ለካ በተቃራኒው አቅጣጫ እየሄዱ ነው! ሜዳው ላይ ሁለት ነጥብ ሆነ።

በስተመጨረሻ ሽማግሌው ውሻቸውን በፉጨት ጠሩ። የሩቋ ነጥብ ቀጥ ብላ ቆመች። «ጠሩኝ!» የሚል ድምፅ በነፋሱ መጣ።

ክርክሩ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው የመጨረሻውን ቃል ለእትዬ ትተው መቅረት ስላልሆነላቸው ተከትለው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ እየተከራከሩም ሁለት ሳህን በሉ። ሠርኬና ባሏ ኪፕላጋት ጭልፋውን እንደያዙ ተያዩ።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በኋላ ወደ በረቱ ተመልሰው፣ በዘጠና ስምንት ሺህ ተስማሙና እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ከዚያ የእትዬ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ፀዲ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ገዛሁ እንዴ?»

«በሬ እኮ ነው የገዙት፣ እትዬ! ቦርሳዎት ውስጥ አራት ሺህ ነው ያለው!»

«አውሮፕላኑ ስንት ኪሎ ይፈቅዳል?»

«አርባ ስድስት።»

«ጠይቂያቸው እስቲ፤ ይጨምራሉ።»

ይህን ብለው ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በአርባ ዓመት ንግድ አንድ ቀን ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። አሁን፣ በሰው አገር፣ ሐዘንተኛ ሽማግሌን ሊያሳፍሩ ነው። ፀደንያ አክስቷን እንዲህ አንሰው አይታቸው አታውቅም፤ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

እትዬ ድንገት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌው ሄዱ።

«ጋሼ» አሉ፤ «የሚሸጥ በሬ አለኝ። አይተው የማያውቁት ዓይነት በሬ።»

ሠርኬ ሳቋን እየዋጠች ተረጎመች። ሽማግሌው በሬውን አዩ፤ እትዬን አዩ፤ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ በሬውን እንደ አዲስ ዞሩት።

«ዓይኑ ጠባብ ነው፣ ይላሉ» አለች ሠርኬ። «ከኋላውም ከስቷል።»

«ማን? ይሄ በሬ?» ብለው ጮኹ እትዬ። «ይሄ በሬ እኮ መምህር ነው!»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልተላቀቁም። እትዬ ያለ ትርፍ አልሸጥም ብለው፣ በዚያው በዘጠና ስምንት ሺህና በአንድ ጠርሙስ ማር መለሱላቸው። ከእጅ ወደ እጅ የሄደው ማሩ ብቻ ነው። ሽማግሌው እስከ መኪናው ድረስ ሸኟቸው፤ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት መቼ እንደሚመለሱ ጠየቁ። ሠርኬ ይህን ስትተረጉም የባሏን እጅ ያዘች።

መንገድ ላይ ፀደንያ አላስቻላትም።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለሰውዬው አዝነው ነው አይደል?»

«ለማን? ወግጂ! በሬው ጥሩ በሬ ነበር።»

በመስኮቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ሜዳው አዩ።

«ግን ጎበዝ ናቸው» አሉ። «መርካቶ እኮ አሁን ማንም አይከራከርም። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ‹ዋጋው ቁርጥ ነው፣ እናቴ› ይሉኛል፤ ቀና ብለውም አያዩኝ። ድሮ አንድ ጣቃ ጨርቅ ስገዛ የሰውዬውን ልጆች ስም፣ የሚስቱን ሕመም፣ የአገሩን ዝናብ ሰምቼ ነበር የምወጣው። አሁን ዕቃዬን ብቻ ይዤ እወጣለሁ።»

ፀደንያ ስንት ጊዜ «እትዬ፣ ይክፈሉና እንሂድ» ብላ ክንዳቸውን እንደጎተተች ትዝ አላት። ከፊታቸው፣ ዳገቱ ላይ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የድንችና የአናናስ ሻጮች ተሰልፈዋል። ሹፌሩ የናይሮቢ መንገድ ሳይጨናነቅ ለመድረስ እየፈጠነ ነው።

«እዚህ ጋ አቁምልን» አለችው።

«ምን ልትገዢ ነው?» አሉ እትዬ።

«ምንም። ያቺ ድንች ሻጭ ግን ኃይለኛ ትመስላለች።»

እትዬ ሸዋርካብሽ መኪናው በደንብ ሳይቆም በሩን ከፈቱ።