ሁለት ልብ አልኩ፣ ባላምባራስ ፓስ አሉ

በአገራችን እውነተኛ «እምቢ» የሚባል ነገር የለም። ያለው የመጀመሪያ እምቢ፣ ሁለተኛ እምቢ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እጅ መታጠብ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ባለፈው ሰሞን በምሳ ሰዓት ሰው ቤት ገብተው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ብለዋል። አልበሉም ነበር። «በሞቴ» እስኪባሉ ነው የጠበቁት። አልፈርድብዎትም… እኔ ግን በዚህ ጠባያችን ምክንያት ሚስቴን ላጣት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ያውም በካርታ ጨዋታ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አዳማ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ እመታ ነበር። የጣቢያው አለቃ ሙሴ ዣክ የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ አንድ ቀን ከጅቡቲ በመጣ ባቡር ኮንትራት ብሪጅ የሚባል ጨዋታ ከነመጽሐፉ አስመጣ። ጨዋታው የአራት ሰው ነው፤ ሁለቱ ለሁለቱ። ጓደኛዎ ፊት ለፊትዎ ይቀመጣል፣ ካርታውን ግን አያዩበትም። መጫወት ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በየተራው «ይህን ያህል ዙር እንበላለን» እያለ፣ የካርታውን ዓይነት (ልብ፣ ጦር…) ጠርቶ ይጫረታል፤ ከዐሥራ ሦስቱ ዙር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስለማይጠሩ «ሁለት» ያለ ሰው ስምንት ማለቱ ነው። ብዙ ተናግሮ ብዙ የበላ ትልቅ ነጥብ ያገኛል። ጥቂት ተናግሮ ብዙ የበላ ግን ለትሕትናው የሚሰጠው ነገር የለም። ሦስት ሰው ተከታትሎ «ፓስ»፣ ማለትም «አልፌያለሁ»፣ ካለ ጨረታው ተዘጋ፤ «በሞቴ» የለም፣ «እኔን ያስቀድመኝ» የለም። እንግዲህ ይህን ጨዋታ እኛ አገር ይዞ የመጣውን ሰው ድፍረት ይመልከቱልኝ።

ሙሴ ዣክ ከግሪኩ ባለሆቴል ከኮስታ ጋር ተጣመረ። ለእኔ የደረሱኝ የጉምሩኩ ሹም ባላምባራስ ደምሴ ናቸው። ሚሲዮን የተማሩ፣ ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፉ፣ ጨዋ ሰው። አስካለ የምትባል ልጅም አለቻቸው… ነገሩ ገብቶዎታል። ለሌሎቹ ብሪጅ ጨዋታ ነበር። ለእኔ ግን በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ከአስካለ አባት ፊት ተቀምጦ ሰው መስሎ መታየት ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ የደረሰኝ ካርታ በዕድሜዬ ተመልሶ አልመጣም። «ሁለት ልብ» አልኩ። በመጽሐፉ ሕግ በሁለት የጀመረ ሰው «እጄ ሙሉ ነው፤ ጓደኛዬ ዝም እንዳትለኝ» ማለቱ ነው። ኮስታ ፓስ አለ። ባላምባራስ ካርታቸውን አዩ፣ ጺማቸውን ዳበሱና በትሕትና ፓስ አሉ። ሙሴ ዣክም ፓስ አለ። ተዘጋ።

ባላምባራስ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት ሁለት አስ፣ አንድ ንጉሥ፣ አራት ልብ። ዐሥራ ሦስቱንም ዙር ጠራርገን በላን። የተናገርነው ስምንት ነበር።

«ባላምባራስ፣ ይህን ሁሉ ይዘው እንዴት ፓስ ይላሉ?» አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ የሚል ሰው የት አይተሃል?» አሉኝ። «ትደግምልኛለህ ብዬ ነው እንጂ።»

በሁለተኛው እሑድ መላ ዘየዱ። ፓሳቸው የይሉኝታ ፓስ መሆኑን ለማስታወቅ ፓስ ካሉ በኋላ አንድ ጊዜ ያስላሉ። ሙሴ ዣክ በሦስተኛው ሳል ካርታውን አስቀምጦ፣ ባላምባራስ ሐኪም ቢያዩ ይሻላል አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉምሩኩ መጋዘን፣ በቆዳና በቡና ጆንያ መካከል እየተቀመጥን መዋዋል ጀመርን። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ማለት ለእሳቸው እንደ ርኃብተኛ መታየት ነበር። ብዙ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ተቆጡና፣ ባለፈው እሑድ እሳቸው «ሦስት ጦር» ሲሉ እኔ ምን ይዤ ዝም እንዳልኩ ጠየቁኝ። አምስት ጦር ይዤ ነበር። ጨረታውን ማሳደግ ነበረብኝ። ግን ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ከእሱ በላይ መናገር… እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይችሉ ነበር? አፈርኩ። ሁለታችንም አንድ በሽታ እንደያዘን ያን ጊዜ ገባን።

ውሉ በጉምሩክ ወረቀት ላይ ተጻፈ። አንደኛ፤ በመጀመሪያ ጥያቄ በልብ ያለውን መናገር። ሁለተኛ፤ ካርታ ፊት ሽማግሌና ወጣት የለም። ሦስተኛ፤ ማሳል ክልክል ነው። የባላምባራስ እጅ ጽሑፍ ስለማይነበብ፣ ቤት ወስደው አስካለን በንጹሕ አስገለበጧት። ያን ወረቀት እስከ ማታ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም።

በአምስተኛው እሑድ ሙሴ ዣክንና ኮስታን አሸነፍናቸው። ባላምባራስ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ሲናገሩ መኖራቸው እንደ ቆጫቸው ነገሩኝ። ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣም ብዬ በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌዎቹ የሞጆው አጎቴና ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን እምቢ መባል ደንብ ስለሆነ፣ ለመመለሻ የሚሆናቸውን ቃል ሁሉ አዘጋጅተው ሄዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። የሁለቱም ፊት ጠቁሯል።

«ልጅቱ ምን ሆና ነው?» አለኝ አጎቴ።

«ምንም አልሆነችም። ምነው?»

«አባትየው ቃላችንን ሳንጨርስ ‹እሺ፣ ሰጥቻለሁ› አለን። አልሰማን ይሆናል ብለን ደገምንለት። ‹ሰምቻለሁ፣ እሺ ብያለሁ› አለ።»

«እኔ በመጀመሪያ ቃል የተሰጠኝ በሬ አንካሳ ነበር» አሉ ኦቦ ቱሉ በሐዘን።

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

«ምን እንላለን? ተማክረን እንመለስ ብለን ወጣን።»

ያን ዕለት የተሰማኝን ሐዘን ልነግርዎት አልችልም። በገዛ እጄ ነው ሰውየውን ያስተካከልኩት! ሮጬ ሄጄ ይቅርታ እንዳልጠይቅ፣ ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ በር ማለፍ አይችልም። የቀረኝ የእሑዱ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

እሑድ መጣ። ባላምባራስ ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሰላም አላሉኝም። ካርታ ታደለ፤ የእኔም ደህና ነበር። «ሁለት ልብ» አልኩ። ኮስታ ፓስ አለ። ባላምባራስ ካርታቸውን ቀስ ብለው አጠፉና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ተማክሬ እመለሳለሁ» አሉ።

ሙሴ ዣክ ይህን ጨረታ ፍለጋ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገለጠ፤ አላገኘውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌዎቼን በልመና መልሼ ላክኋቸው። ባላምባራስ ዘመድ አልሰበሰብኩም ብለው እምቢ አሏቸው። አጎቴ እየሳቀ ተመለሰ፤ «አሁን ሰው ሆነ!» አለ። በሦስተኛው ደግሞ ቆማችሁ ዋሉ ብለው በር ላይ አቆሟቸው። ኦቦ ቱሉ በደስታ ሊያለቅሱ ደረሱ። በአራተኛው ተሰጠኝ።

የሠርጉ ቀን ቄሱ አስካለን ወዳ ፈቅዳ እንደሆነ ጠየቋት። ደንቡን ያውቁታል፤ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች፣ በሦስተኛው ራሷን ትነቀንቃለች። አስካለ ቄሱ አፋቸውን ሳይዘጉ «አዎን» አለች፤ ከበሩ ውጭ የቆመው ሰው ሳይቀር ሰማት። አጎቴ ከኋላዬ «ብዬህ ነበር» ሲል ይሰማኛል።

ዘወር ብዬ አየኋት። ከነጠላዋ ሥር ቀስ ብላ፣ «አንደኛ አንቀጽ» አለችኝ። «እኔ አይደለሁ የገለበጥኩት?»