የእትዬ ደብሪቱ እግር ብቻ ይግባ

በአሰላ ከተማ ስለ ኮዴክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣ። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩትም አስተማሪዎቹ የሚነግሩኝ ስላለቀባቸው ነው እንጂ ሰንፌ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ትናንት ከምሳ በኋላ ያየሁትን ሕልም ስትሰሙ እንዳትንቁኝ ብዬ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። ኮዴክ ማለት ኮምፒውተር ቪዲዮን የሚያስቀምጥበት ዘዴ ነው። አንዱ ዓይነት እንደ ልብስ አጣጥፎ፣ ረጋግጦ ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። ቦታ አይፈጅም፤ ግን አንዲት ሸሚዝ ስትፈልጉ ሁሉንም መዘርገፍ ነው። ሌላው ደግሞ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ይሰቅለዋል። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ግን ቁም ሳጥኑን ይጨርሰዋል።

የምሠራው ሰርግ የሚቀርጹት ጋሽ ዘርጋው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሥራዬ መብራት መያዝ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ክንዴ እስኪዝል አምፖል ተሸክሜ እቆማለሁ። በአንድም ቪዲዮ ላይ ታይቼ አላውቅም፤ ጥላዬ አልፎ አልፎ ይታያል። ዘንድሮ ታዲያ ጋሽ ዘርጋው የሁለት ሰዓት ፊልም ቀረጹ። እናትየዋን ሆነው የሠሩት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ትናንት ጠዋት ጋሽ ዘርጋው ፊልሙን በየትኛው ኮዴክ እንደምንቆራርጠው ብዙ ነገር አወሩ። እኔ ደህና አድርጌ የሰማሁት መጨረሻውን ነው።

"ስመለስ ደህና መልስ ይዘሽ ከጠበቅሽኝ ፊልሙን አንቺ ትቆራርጪዋለሽ፤ ስምሽም ይወጣል" አሉኝ። "ካልሆነ መብራትሽን ትይዣለሽ።"

እንደወጡ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ "ኤዲተር፦ ሀመልማል ተክሌ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ቀለሙን ወርቃማ አደረግሁት። ወርቁ ብቻውን ቀዘቀዘብኝና ዙሪያውን ቀይ ጨመርኩበት። ከምሳ በኋላ ኮዴኩን ልመርጥ ስል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ራሴን ያገኘሁት መናኸሪያ ውስጥ ነው። ተሳፋሪዎቹ በሩ ላይ ተንጠልጥለው "አንድ ሾፌር የቀረው፣ አንድ ሾፌር" እያሉ ይጣራሉ፤ ሾፌሮቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ፈረስ ጋሪው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ባለ ጋሪው ይጎትታል። ፈረሱ "ጎድጓዳ አለ፣ ቀስ በል" ይለዋል። ማንንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝም።

ወያላዋ እኔ ነበርኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ደግሞ እትዬ ደብሪቱ። አንድ እትዬ ደብሪቱ አይደሉም፣ መናኸሪያ ሙሉ እትዬ ደብሪቱ። ፊልሙ ላይ እያለቀሱ በር ከፍተው የሚገቡባት ቦታ አለች፤ ከዚያች ቦታ ነው የመጡት፤ እያንዳንዳቸው የፊልሙ አንድ አንድ ምስል ናቸው። የመጀመሪያዋ እግራቸውን ከመሬት አንሥተዋል፤ የሚቀጥሉት ትንሽ ከፍ አድርገውታል፤ ከሳቸው ኋላ ያሉት ደግሞ ከዚያም ትንሽ። ሻሻቸው አንድ፣ ቀሚሳቸው አንድ። እንባቸው ብቻ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ወደ አገጫቸው እየወረደ ይሄዳል።

ያለኝ ሚኒባስ አንድ ነው፤ ስቱዲዮ ያለን ዲስክም አንድ ነው። ግን እኔ ሞኝ ነኝ? የመጀመሪያዋን እትዬ ደብሪቱ ሙሉውን አስገባሁ። ሁለተኛዋን በሩ ላይ ያዝኳቸው።

"እርስዎ ከፊተኛዋ በምን ይለያሉ?"

"በእግሬ" አሉኝ።

"እንግዲያው እግርዎ ብቻ ይግባ።"

"የቀረው አካላቴስ?"

"ከፊተኛዋ አይተን እንገምተዋለን።"

እግራቸውን አውልቀው ሰጡኝ፤ ከነጫማው። የሌሎቹንም እንደዚያው ተቀበልኩ። እንባቸው ብቻ የተለወጠባቸው እንባቸውን ብቻ አስገቡ። መናኸሪያውን በሙሉ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጫንኩትና ወንበር ተረፈኝ። ፈረሱ ራሱ አንገቱን ነቅንቆ ጎበዝ አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላ አንድ እግር "ወራጅ አለ" አለ። በሩን ከፈትኩለት። አልወርድም አለ። ብቻውን ቢወርድ የማን እግር እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዋ እትዬ ደብሪቱ ጀምሮ ሁሉም በተራ ይውረዱና ማንነቱ ይጣራለት ባይ ነው። ሁሉንም አወረድኩ። ሁሉንም መልሼ ጫንኩ። ገና ከመንቀሳቀሳችን አንዲት እንባ "ወራጅ አለ" አለች። እንዲህ ስንወርድ ስንሳፈር ሚኒባሱ መንገድ መሀል ደርቆ ቀረ፤ ልክ እንደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር።

ወዲያው መንገዱ ሲኒማ ቤት ሆነ። ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ እግሮቹ ናቸው። ቀጥሎ ስሜ በወርቃማ ቀለም መጣ። የጻፈው ሰው ግን እንደ እኔ ቆጣቢ ኖሯል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ሙሉ ጽፎ ሌሎቹ ከሷ ብዙም አይለዩም ብሎ ትቷቸዋል። "ኤዲተር፦ ሀሀሀሀሀ" ይላል። እግሮቹ ወለሉን እየደበደቡ ሳቁ። እናቴ ከኋላ ወንበር ተነሥታ "ይቺ የማን ልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች።

ይሄን ጊዜ አላስችል አለኝ። ለሁሉም ለየራሳቸው መኪና ይሰጣቸው ብዬ አዘዝኩ። ተሰጣቸው። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ እትዬ ደብሪቱ፣ ሙሉ አካል። አንዷ ወራጅ ሲሉ ይወርዳሉ፤ ሌላዋ ንቅንቅ አይሉም። የፈለግኋቸውን አወረድኩ፣ የፊተኛዋን ወደ ኋላ፣ የኋለኛዋን ወደ ፊት አደረግሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሚኒባሶቹ ግን መጥተው አላለቁም። ገበያውን ሞሉት። ስታዲየሙን ሞሉት። ሰልፉ ወደ ኢተያ መንገድ ወጣ። አንዱ ግቢያችን ገብቶ ከውኃ ሮቶው አጠገብ ቆመ፤ ሌላው ቤት ድረስ ዘልቆ የፊት ጎማውን ፍራሼ ላይ አሳረፈ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እህቴ፣ የት ላቁም?"

"እኔ ኤዲተር ነኝ" አልኩት። "ማቆሚያ አይመለከተኝም።"

ሚኒባሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጡሩምባቸውን ለቀቁት።

ነቃሁ። ጉንጬ ኪቦርዱ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ከወርቃማው ስሜ ቀጥሎ ፐፐፐፐፐ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። የትኛውን ኮዴክ ትፈልጊያለሽ የሚለው ሳጥን እንደተከፈተ ነው። ጋሽ ዘርጋው ካሜራቸውን አንግተው፣ ከጀርባዬ ቆመው ፐውን ያነባሉ። የውጭው ጡሩምባ ግን አላቆመም።

አፌን ጠራረግሁና ቀና አልኩ። አልደነገጥኩም፤ መልሱን ይዣለሁ።

"ጋሼ፣ መርጫለሁ። የሚሰቀለው ይሻለናል። እያንዳንዱ ምስል የራሱ ወንበር ከሌለው መቁረጥ አይቻልም።"

"እሱንማ ጠዋት እኔ ነኝ የነገርኩሽ" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "አንቺን የጠየቅኩሽ፣ ዲስኩ በሰው ሰርግ ሞልቷል፣ የት እናስቀምጠው ነው። ተነሺ፣ መብራትሽን ያዢ፤ ሙሽሮቹ በር ላይ ናቸው።"