እናቴ በለቅሶዬ ላይ

ልጄ ቴአትር ላሳይህ ብላ ደብረ ማርቆስ ወሰደችኝ። አሳዛኝ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጥንት የተጻፈ፣ መጨረሻው ላይ ሰው የማይተርፍበት። ሁለት እናቶች አሉበት። አንዷ ልጇ ገና ሳይሞት ጀምራ ታለቅሳለች። ሌላዋ ልጇ ቢሞትም እንባ ጠብ አላላትም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ለአልቃሿ አጨበጨበና ዝም ያለችውን «ድንጋይ!» አላት። ወይ አለማወቅ! የእኔን ለቅሶ ባየ!

አዎ፣ የእኔን። ምን ያስደንቃል? አንድ ጊዜ ሞቻለሁ እኮ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። እኔ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቻለሁ፤ እናቴ አምበር ከተማ አጠገብ ካለው ቤታችን ብቻዋን ቀርታለች። ለጣሊያን ያደረው ሹማችን፣ ልጅሽ በሳምንት ውስጥ እጁን ካልሰጠ ቤትሽን አቃጥዬ አንቺን አስርሻለሁ አላት። እጄን ብሰጥ ደግሞ መሰቀሌ ነው። ምን ይሻላል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አጎቴ፣ ጫካ ሞቶ እዚያው ተቀበረ ይባል አለ። የሞተን ሰው እጅህን ስጥ የሚል የለማ!

እናቴ፣ በሕይወት ባለ ልጄ ላይ ላሟርት ወይ ብላ አሻፈረኝ አለች። በስንት ልመና፣ ለቅሶው ላይ እቀመጣለሁ እንጂ አላለቅስም አለች። ካለች አለች ነው።

እንግዲህ አልቃሽ ተፈለገ። የጡት እናቴ እትዬ ጥሩነሽ ነበሩላችሁ፤ ሲያለቅሱ እንኳን ሰው አጥር ያስለቅሳሉ። አፋቸው ግን ወንፊት ነው። ለእሳቸው የነገሩት ምስጢር ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዘመድ መከረና መኖሬን ደበቃቸው። ምስኪን፣ እሳቸው የእውነታቸውን ደረታቸውን ደቁ።

ሹሙም መጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን እሱም ያውቀዋል። እናቴን አተኩሮ ያያታል። እሷ ዓይኗ ደረቅ! «ልጇ ሞቶ እንዲህ ናት?» አለ አሉ። አጎቴን ላብ አጠመቀው።

ይኼኔ እትዬ ጥሩነሽ ሙሾ አወረዱ። ጎህ ሳይቀድ በሬ ጠምዶ የሚወጣው፣ እህል ሲቀርብለት በቃኝ የሚለው፣ እያሉ አነሱኝ። እኔን! ፀሐይ አናት ላይ ካልወጣች የማልነሳውን! ድፎውን ብቻዬን የምጨርሰውን!

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። በግንባሯ ተደፋች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለቀስተኛው «እሪ! አንጀቷ ተቆረጠ!» አለ። ሹሙም አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጥናሽ» ብሏት ሄደ። ቤቱም ተረፈ፣ እሷም ተረፈች።

ሳቅ ነበር እኮ። ኋላ ራሷ ነገረችኝ።

ጣሊያን ሲወጣ እናቴን ስሜ በቀጥታ እትዬ ጥሩነሽ ደጅ ሄድኩ። «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ጠጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ከል ለብሰዋል። ለእኔ ነው። ያኔ ልቤ ተሰበረ፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ማሩኝ አልኩ። ዳሰሱኝ። ሥጋ መሆኔን ሲያውቁ አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ፤ ከዚያ በጥፊ አጮሉኝ።

«ሂድ!» አሉኝ። «ከእንግዲህ ብትሞት የት አውቅህና! እናትህ ታልቅስልህ፤ እኔ የድርሻዬን አልቅሻለሁ።»

ሁለቱም አረፉ። ለሁለቱም እኩል አለቀስኩ፤ የቷ የበለጠ እናት ነበረች ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ ግን ይኸው፣ ጥርሴ ረግፎ፣ በዱላ እየሄድኩ፣ ዛሬም አለሁ። አልቃሼን አስቀይሜ በየት በኩል ልሙት?