ለሰማይ ኪራይ የማይከፍሉት ጎረቤቴ

የቴሌቪዥን ክፍያ ያቋረጠ ሰውና አዲስ ሙሽራ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ማንም ሳይጠይቃቸው ደስታቸውን ያወራሉ። ልዩነቱ ሙሽራው ከጊዜ በኋላ ዝም ማለቱ ነው።

በየመንደሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የእኛ መንገድ ያፈራቸው ክቡር ኖርበርት ፒቮንካ ይባላሉ። ከመርከብ ፋብሪካ በብየዳ ሙያ ጡረታ የወጡ፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው በር የሚያልፍ፣ ቅንድባቸው ራሱ ጣቢያ የሚስብ የሚመስል ሰው ናቸው። እኔ የምኖረው በእርሳቸውና በሌስተር ብሮት ቤት መካከል ነው። ማኒቶዎክ የሐይቅ ዳር ትንሽ ከተማ ናት፤ ከሐይቁ ነፋስና ከክቡርነታቸው ድምፅ የሚያመልጥ ግቢ የለም።

"ለሰማይ ኪራይ አልከፍልም!" ይላሉ። በረዶ ሲጠርጉ ይሉታል። ዓርብ ዓርብ የዓሣ ጥብስ ሰልፍ ላይ ይሉታል። በአክስታቸው ቀብር ላይ ከቄሱ ቀጥለው ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ምስሉ በአየር ላይ ነው የሚመጣው፤ በነፃ! አሁን እኔና አንቺ ቆመን ስናወራ በራስሽ ላይ እያለፈ ነው። መቀበል ብቻ ነው!"

እኔ ራሴን ነካ ነካ አድርጌ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ቤቴ በሽቦ የሚመጣ፣ በየወሩ የሚከፈልበት የኬብል ቴሌቪዥን አለ። ስንፍና ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ክቡርነታቸው የኬብል መስመራቸውን ለማቋረጥ የደወሉበትን ዕለት መንደሩ እስከ ዛሬ ይተርከዋል። ስልክ ያነሳችው ሴት በትሕትና፣ "ጌታዬ፣ ምን አስከፋዎት? ሌላ ጥቅል ልፈልግልዎት?" ብትላቸው፣ እርሳቸው እሷኑ ማስተማር ጀመሩ። የምትኖረው የት ነው? ጣሪያዋ ወዴት ያያል? ፊት ለፊቷ ዛፍ አለ ወይ? ባለቤታቸው ቬርና ሾርባው ቀዝቅዞ ቆዳ እስኪያወጣ ጠበቀቻቸው።

በመጨረሻ ስልኩን ሲያስቀምጡ፣ "እሺ፣ ተቋረጠ?" አለቻቸው።

"የእኛም፣ የእሷም" አሉ በኩራት።

ከዚያ በኋላ ጣሪያቸው ላይ የቆመው አንቴና የዓሣ ነባሪ አጽም ይመስላል። ራሳቸው በየዱት፤ ራሳቸው አቆሙት። ሲያስተካክሉት ቬርና መስኮት ላይ ቆማ ትጮሃለች፦ "መጣ! ... ሄደ! ... ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ያገኘኸውን ለምን ትነካዋለህ?" ፊልም ሲያምራቸው ከቤተ መጻሕፍት በብስክሌት ያመጣሉ። በበጋ ምሽት ሐይቁ ላይ ሞቅ ያለ አየር ሲተኛ ደግሞ የወዲያኛው ዳርቻ ጣቢያዎች ውኃውን ተሻግረው ይመጡላቸዋል። ያኔ አያድርስ ነው። የሚሺጋንን የአየር ትንበያ ለመንደሩ ሁሉ ያድላሉ። "ነገ እዚያ ማዶ ይዘንባል!" ይሉናል፣ ልብሳችንን እዚያ ያሰጣን ይመስል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ትዕግሥቱ ያላለቀ ሰው ቢኖር ሌስተር ነበር። ሌስተርና ክቡርነታቸው አብሮ አደጎች ናቸው፤ አብረው ተምረዋል፣ አብረው በይደዋል፣ የሌስተር ሚስት የሞተች ጊዜ ክቡርነታቸው ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ እየሄዱ ካርታ ሲጫወቱለት ነበር። ሌስተር ግን ዲሽ አለው። ያውም ትልቅ።

ባለፈው በጋ የቤተ ክርስቲያኑ ግብዣ ላይ፣ ቡያ የሚባለው የአገሩ የዶሮ ወጥ በትልቁ ድስት እየተንተከተከ፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ክቡርነታቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እዩት ሌስተርን! እዚህም ሳህን፣ ቤቱም ጣሪያ ላይ ሳህን! ለማኝ አይቻለሁ፤ እየከፈለ የሚለምን ግን ካንተ በቀር አላየሁም!"

ሰው ሳቀ። ሌስተር ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እኔስ ሳህን ነው የሰቀልኩት" አለ። "አንተ ሚስትህን መስኮት ላይ ሰቅለሃል።"

ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ቬርና ነበረች። ይቅር ያልተባለውም ይኼው ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ድሮ በረዶ ሲወርድ የኔን ደጅ እየተጨቃጨቁ አብረው ይጠርጉልኝ ነበር። አሁን አንዱ ግማሹን ጠርጎ ይገባና፣ በሩ መዘጋቱን ሲሰማ ሌላው ይወጣል። ደጄ ጸዳ፤ ግን መንገዱ ጭር አለ።

ጥር ላይ ቡድናችን የዓመቱን ዕጣ የሚወስነውን ጨዋታ ሊጫወት ሆነ። እዚህ ፉትቦል፣ ያ ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ከእሁድ ቅዳሴ ቀጥሎ ያለ ቅዳሴ ነው። በዋዜማው ሲወርድ ያደረው ዝናብ ያረፈበትን ሁሉ በረዶ አደረገው። ስንነሳ የኬብሉ ሽቦ ተበጥሶ መንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ የሌስተር ዲሽ ከጣሪያው ወርዶ አጥሩ ሥር አፉን ደፍቷል።

ክቡር ኖርበርት በረንዳቸው ላይ ወጡ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ መንገዱን ባረኩ።

"አየር አይበጠስም!" አሉ። "ኑ፣ ግቡ!"

ገባን። ቋሊማ የያዘ፣ አይብ የያዘ፣ ወንበር የያዘ፣ መንደሩ ሁሉ ሳሎናቸው ውስጥ ተጠቀጠቀ። ምስሉ እውነቱን ለመናገር ከኔ ኬብል የጠራ ነበር። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ቬርና ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሳበችኝ። "ሌስተር ብቻውን ነው። ሂጂና አምጪው። ኖርበርት ልኮኝ ነው እንዳትይው፤ አልላከሽም።"

ሌስተር ወጥ ቤቱ ውስጥ ኮቱን እንደለበሰ ትንሽ ሬዲዮ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ጨዋታው ገና አልተጀመረም፤ የፍራሽ ማስታወቂያ ነበር የሚያዳምጠው።

"ደህና ነኝ" አለኝ ሳልጠይቀው። "ሬዲዮ አለኝ።"

"ቬርና ና ብላሃለች።"

"እሱስ?"

"እሳቸው ስላየር እያስተማሩ ናቸው።"

ሌስተር ሬዲዮውን ዘጋ። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፈተና፣ "እንግዲያው ይቺን ቋሊማ ለቬርና ላድርሳት" አለ። "ለቬርና ነው።"

ሲገባ ክቡርነታቸው አዩት። በአገጫቸው ብቻ ስክሪኑ ፊት ያለውን ደህናውን ወንበር አሳዩት። ሌስተር ተቀመጠ። ሁለቱም ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው እንደማይተዋወቅ መንገደኛ ሆኑ።

የመጨረሻው ሩብ ላይ ከጣሪያ በኩል አጥንት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ መጣ። የዓሣ ነባሪው አጽም የተሸከመው በረዶ ከብዶት ታጠፈ። ምስሉ ተቆራረጠ፤ ጠፋ። ቤቱ በጩኸት ተናጠ። ክቡርነታቸው ኮታቸውን አነሱ። ቬርና በሩ ላይ ቆመች።

"ጣሪያው መስታወት ሆኗል" አለች። "ዛሬ ከወጣህ ለመውረድ መሰላል አያስፈልግህም።"

ክቡርነታቸው አሰቡበት። ከዚያ ምድር ቤት ወርደው ከልብስ መስቀያ ሽቦ የሠሩትን የመጀመሪያ አንቴናቸውን አቧራውን እያራገፉ አመጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጡት፤ የለም። ወንበር ላይ፤ የለም። "እስቲ ማርላ፣ ያዥልኝ" ብለው ሰጡኝና ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ከፍ ሳደርገው፣ ከኋላዬ የሰው ሁሉ ድምፅ ባንድ ላይ ፈነዳ፦ "እንዳትንቀሳቀሺ!"

እንግዲህ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት እጄ ወደ ላይ፣ ፊቴ ወደ በረዶ የለበሰው መስኮት፣ ጀርባዬ ወደ ዓመቱ ጨዋታ። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ በቀኝ ክርኔ ሥር አንድ ሰፊ ትከሻ ገባ።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር፤ ኖርበርትም ኖርብ ይሁን። ክንዴን በትከሻው የደገፈልኝን ሰው አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

"አይዞሽ ማርሊ" አለ ኖርብ እያቆላመጠኝ። "አንቺ ብቻ ያዢው፤ እኔ እያየሁ እነግርሻለሁ። አሁን ኳሷን ይዘናል ... ሮጠ ... ወደቀ።"

በግራ ክርኔ ሥር ሌላ ትከሻ ገባ፤ ቀጠን ያለ።

"አልወደቀም" አለ ሌስተር። "ገፉት።"

ቬርና የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"መገፋት ምንድን ነው? ተገፍቶ ወደቀ!" አለ ኖርብ።

"ታዲያ ገፉት በላ። ለሰው ስትነግር በደንብ ንገር። ሴትየዋ እኮ አታይም።"

"አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ጨዋታ ማየት የቻልከው? ተማሪ ቤት ያቀበልኩህን ኳስ አፍጥጠህ እያየህ የጣልክ ሰው!"

"ያቀበልከኝ? ወደ ሐይቁ ነው የወረወርካት! ዋኝቼ ልያዛት?"

"ኧረ ጨዋታው!" አልኩ እኔ። ክንዴ ሊወልቅ ነው።

"እየነገርንሽ አይደል እንዴ!" አሉ ሁለቱም ተቆጥተው።

የመጨረሻዋ ኳስ ስትወረወር ኖርብ ትከሻው ደነደነ። ሌስተር መተንፈስ አቆመ። መስኮቱ ላይ ከበረዶው በቀር ምንም አላየሁም።

"ወረወረ ..." አለ ኖርብ።

"ረዘመችበት ..." አለ ሌስተር።

ከዚያ ሁለቱ ባንድ አፍ፣ "ያዛት!"

ቤቱ ተናወጠ። አንቴናው ከእጄ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። ዞር ስል ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው እንደ ድብ እየተወዛወዙ፣ ሰውየው ኳሷን እንዴት እንደያዛት ይጨቃጨቃሉ። እንደ ኖርብ ከሆነ እንደ ዝይ በርሮ ከሰማይ ቀለባት። እንደ ሌስተር ከሆነ ተደናቅፎ ሊወድቅ ሲል እቅፉ ውስጥ ገባችለት። እኔ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ እንደማያውቅ የገባኝ ወንበር ላይ ዘፍ ስል ነው።

በማግስቱ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ አንድ ታካሚ ጉንጩን በእጁ ይዞ ሳለ እንኳ ወሬው አላስቻለውም።

"የመጨረሻዋን ኳስ አየሻት?" አለኝ።

ትከሻዬን እያሻሸሁ፣ "ሁለቴ" አልኩት።