አንደኛው ምዕራፍ ላይ የተተዉት መምህር

መምህር ልሳነወርቅ ያንን ሕልም ያዩት ባለፈው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ነው። ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ራስጌያቸው ላይ ጡብ የሚያክል ልብ ወለድ ተቀምጧል። የጻፈው አብሮ አደጋቸው አስናቀ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። የመጀመሪያውን ቅጂ ሲሰጣቸው፣ "ከአንተ በፊት ማንም እንዲያነበው አልፈለግኩም" ብሏቸው ነበር።

መምህሩ አንደኛውን ምዕራፍ እንደ ምንም ገፉት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ገጽ ይሄዳል፤ የሚናገረው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የተቀበረው ሰውዬ ተመልሶ ምሳ ይበላል። ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጫፉን አጥፈው ተዉት። አስናቀ በደወለ ቁጥር ግን "እያነበብኩት ነው" ይሉታል። ይኸው አራት ወር ሆነ።

በሕልማቸው ቤተ መጻሕፍት ገቡ። መጻሕፍቱ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሰዎቹ መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። በሩ ላይ የነበረው መዝገበ ቃላት መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያቸው።

"ዘርፍ?"

"ጂኦግራፊ። ጡረተኛ ነኝ።"

"ከባድ ንባብ" አለና ጀርባቸው ላይ ቁጥር ለጥፎ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ሰካቸው። አጠገባቸው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቆሟል፤ አንድ ጆሮው ታጥፏል።

"ማን አጠፈህ?" አሉት።

"አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ። ሰባት ዓመቴ ላይ ስደርስ ሰለቸሁት። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሆኛለሁ፤ ማን አየልኝ?"

ይሄኔ የአስናቀ ልብ ወለድ ቁና ቁና እየተነፈሰ ገባ። መምህሩን ከመደርደሪያው አወረዳቸው፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈታና ማንበብ ጀመረ። ልጅነታቸው በአዳራሹ ጮክ ብሎ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ አዛጋ።

"ይቅርታ መምህር፣ ይከብዳሉ። ወንዝ ይበዛዎታል።"

"ትንሽ ታገሥ! ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ውዳላትን አገባለሁ። አምስተኛው ላይ ልጃችንን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። እሱን የሚያውቅ ማንም የለም!"

"ጥሩ ይመስላል" አለ መጽሐፉ በትሕትና። "ለጠየቀኝ ሁሉ እያነበብኳቸው ነው እላለሁ።" ጆሯቸውን አጠፈና ሄደ።

መደርደሪያው ወዲያው አውቶቡስ ሆነ። የተተዉት ሁሉ ተሳፍረዋል። አውቶቡሱ የመጀመሪያው ፌርማታ እየደረሰ ይመለሳል። ከፌርማታው ማዶ አስናቀ ብቻውን ቆሞ እጁን ያውለበልባል።

"ወራጅ አለ!" ብለው ጮኹ መምህሩ።

ረዳቷ ፍየል ነበረች። "ከዚህ ወዲያ መንገዱ አልተነበበም" አለቻቸውና በሩን ዘጋች።

መስኮቱን በሁለት እጃቸው ሲደበድቡ ነቁ። ባለቤታቸው ውዳላት ስልክ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማለች።

"ተነስ እንጂ፤ አስናቀ ነው።"

ስልኩን ተቀበሏት። የለመዱትን ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣ አላቸው።

"አስናቀ፣ ይቅር በለኝ። አንደኛው ምዕራፍ ላይ ነው የተውኩት። አራት ወር ሙሉ ስዋሽህ ነው የኖርኩት።"

 ከወዲያ በኩል ትንሽ ሳቅ ተሰማ።

"እኔም እኮ እዚያው ላይ ነኝ" አለ አስናቀ። "ታትሞ ሲመጣ ላንብበው ብዬ ጀምሬው ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ዓይኔ ፊደል መለየት አቆመ። ለማንም አልተናገርኩም። አሥራ ሁለት ዓመት የጻፍኩትን ሰውዬ፣ አሁን ግማሹን ረስቼዋለሁ። በየጊዜው የምደውልልህ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳልኩ ከአንተ ልሰማ ብዬ ነው።"